የሦስት ወር ቪዛና የአንድ ዓመት ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድ ሥራ እንድናገር ትጠብቁ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን ከሙያችን የራቀ ቢመስልም በብዙዎቻችን ቤት የገባ ጉዳይ ነው። ይኸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ዓመት በውጭ አገር ለመማር ሲያቅዱ፣ ተለዋዋጩ የቪዛ ደንብ የሚያደርስባቸው እንቅፋት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ሉማሜ ነው። እዚያ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ አሜሪካ የሚወስዳት የልውውጥ ዕድል አገኘች። ወረቀቷ ተሟልቶ ቀጠሮ ስንጠባበቅ፣ ግንቦት 19 ቀን የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ እንዳይሰጥ በዓለም ዙሪያ ላሉ ኤምባሲዎቹ ትእዛዝ አስተላለፈ። ሰኔ 11 ቀን ሥራው እንዲቀጥል ሲፈቀድ፣ አመልካቾች የማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዙ። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ ዓይነት ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና በሦስት ወር የተወሰነ ሆነ። የናይጄሪያ፣ የጋናና የካሜሩን ዜጎችም ይኸው ደርሶባቸዋል።

አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ሦስት ወር ማለት በጥቅምት ተመለሺ ማለት ነው» አላት። እኅቴ ደውላ ጠየቀችኝ። እኔም ወረቀቱን በጥድፊያ አይቼ «እውነቱን ነው» አልኋት። ዓመቱን ሙሉ የውል ሰነድ የማነብ ሰው ነኝ! ቤተ ሰቡም ጉዞውን ሰረዘ።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ሦስቱ ወር ቪዛው ለመግቢያ የሚያገለግልበት ጊዜ ነው፤ ተማሪው ከገባ በኋላ የሚቈይበትን ዘመን የሚወስነው የትምህርቱ ሰነድ ነው። ይህን የተረዳሁት ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለልውውጥ ተማሪዎች የተደነገገው ደግሞ ከ11 ዓመት በላይ ያልተማረ፣ ወይም ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል የሆነ ተማሪ ነው። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛን ትጨርሳለች፤ 18 ዓመት ተኩልም ያልፋታል። ዕድሉ በዚያው አመለጣት።

የደንቡ እውነተኛ ችግር ሌላ ቦታ ላይ ነበር። የልውውጥ ተማሪ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት መግባት የሚችለው ቢበዛ 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ለነሐሴ ትምህርት በመጋቢት የተሰጠ የሦስት ወር ቪዛ፣ በሩ ሳይከፈት ይሞታል፤ የዘገየም ትምህርቱ ያልፈዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ መግባት ማለትም፣ ለገና ወይም ለለቅሶ አገሩ የመጣ ልጅ ለመመለስ እንደገና ማመልከትና የማይመለሰውን 185 ዶላር እንደገና መክፈል አለበት ማለት ነው። ለአንድ የሉማሜ ገበሬ ይህ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

ስለሆነም ቀኑን ትምህርት ከሚከፈትበት ወደ ኋላ መቍጠር ይሻላል። የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት አስቀድመው ይለቁ፤ የአገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ወጣቶች ምስክር ወረቀት የወጣው ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ ነው። የኢትዮጵያው ቀን ወደ አውሮፓው ሲለወጥ የሚፈጠር የአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ሁለቱን ሰነዶች ያጣላል።

የልጅቱ ታናሽ ወንድም አሁን 9ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ስሄድ «ጋሼ፣ የእኔን ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ ታነበዋለህ» አለኝ። እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም።