አንድ ጠዋት ብቻ ይፍቀዱልኝ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሐኪም ለመሆን ስላለፍሽበት መንገድ ንገሪን» ሲሉኝ፣ ስለ ፈተናው ክብደት ወይም ስለ ትምህርቱ ወጪ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንዲት አጭር ደብዳቤ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድን ሐኪም «ሥራዎን ቆሜ ልመልከት» ብዬ ስለጠየቅሁባት ደብዳቤ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን ሁለት ጊዜ አሳፍሮኛል፤ አንዴ ስጽፍ፣ አንዴ ደግሞ ሲጻፍልኝ።

እንደምታውቁት በእኛ ጊዜ ሕክምና የሚገባው 12ኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት የጨረሰ ነበር። የእኔ ነጥብ አልደረሰም። አራት ኪሎ ገብቼ ባዮሎጂ ተማርኩ፤ በትምህርቴም አልቆጭም። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ሜሪላንድ ገባሁ። ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። በአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ታዲያ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከውጭ አገር የመጣ ዲግሪ ብቻውን አይበቃቸውም፤ እዚያው የተወሰደ ትምህርት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኬሚስትሪን እንደገና ከሀ ጀመርኩ።

ከውጤቱና ኤምካት ከሚባለው ፈተና ሌላ አንድ ነገር ይጠበቃል። ሻዶዊንግ ይሉታል። ሐኪሙን እንደ ጥላ ተከትሎ፣ ምንም ሳይነኩ፣ ሥራውን መመልከት ማለት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዕድሜህን ልትሰጠው የተነሳህበትን ሥራ አስቀድመህ እየው ነው ነገሩ። ችግሩ ግን ሐኪሙን ፈልጎ የሚያገኘው ራሱ ተማሪው መሆኑ ነው። አባቱ ወይም ጎረቤቱ ሐኪም የሆነ ልጅ እራት ላይ ይጠይቃል። እኔ ማንን ልጠይቅ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጠየቅ አላውቅም ነበር። እኛ ያደግነው በይሉኝታ ነው። አንድ ነገር ስንፈልግ ሰው እንልካለን፣ ወይም ደጅ እንጠናለን፤ በቀጥታ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ስለዚህ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ኢሜይል ጻፍኩ። በሰላምታ ተጀምሮ፣ የልጅነት ምኞቴን፣ አራት ኪሎን፣ የሌሊት ሥራዬን ሁሉ ተርኮ፣ መጨረሻው ላይ «በሚችሉት ሁሉ ቢረዱኝ» ይላል። ለ19 ሐኪሞች ላክሁ። ሁለቱ «አልችልም» አሉኝ። ከ17ቱ ድምፅ የለም።

የኬሚስትሪ መምህሬን ለምኜ ደብዳቤውን አስነበብኳቸው። አንብበው ጨረሱና «ምንድን ነው የምትፈልጊው? ገንዘብ ነው? ሥራ ነው? ስንት ቀን?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ጽፌ የምፈልገውን አልጻፍኩም ለካ! አብረን ቁጭ ብለን ይህችን ጻፍን፦

«የሕክምና ትምህርት ለመግባት የምዘጋጅ ተማሪ ነኝ። እርስዎ የቤተሰብ ሐኪም ስለሆኑና ብዙ አረጋውያንን ስለሚያክሙ ሥራዎን አንድ ጠዋት ብቻ ቆሜ ብመለከት ደስ ይለኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ነፃ ነኝ። የክትባትና የቲቢ ምርመራ ወረቀቴ ዝግጁ ነው፤ የታካሚን ምስጢር ለመጠበቅ የምፈርመውን ሁሉ እፈርማለሁ። ባይመችዎ እረዳለሁ።»

ይኸው ነው። ልመና የለበትም። አንድ ጠዋት መፍቀድ ለማንም ከባድ አይደለም፤ እምቢ ማለትም ቀላል ነው። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንዴ ብቻ አስታውሺ፣ ከዚያ በኋላ ተይው ብለው መከሩኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። አንድ አዛውንት ሐኪም «ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እናያለን» ብለው መለሱልኝ።

ማክሰኞ ዕለት የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ ስንደርስ ሐኪሙ አስቆሙኝና ብቻቸውን ገቡ። ታካሚዋን «ዛሬ አንዲት ተማሪ አብራኝ አለች፤ ብትገባ ይከፋሽ ይሆን?» ሲሉ ይሰማኛል። ሴትዮዋ «ዛሬ ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል» አለች። ኮሪደር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ስንት ወር ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ዕድል በአንዲት ቃል ቀረ ብዬ ከፋኝ። ሐኪሙ ሲወጡ ፊቴን አዩና «እኔ የፈቀድኩልሽ ሕንፃው ውስጥ እንድትገቢ ነው። ክፍሉ የእሷ ነው» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ግን ከቀትር በፊት ነው። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነበር። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገቡ። እኔ እንድቆም ፈቀዱ። ሐኪሙ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገቡ። እኔ እያለሁ ለምን አስተርጓሚ ይጠራል ብዬ ነበር፤ ግን በምስጢር መተርጎም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ተማሪ የሚሞክረው አይደለም። የእናትየዋ የደም ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልበቃም፤ መጠኑን እጥፍ እናድርገው» ብለው ስልኩን ዘጉና ወረቀት ሊያመጡ ወጡ።

እናትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ እኮ ክኒኑን በጾም አልውጠውም። ጠዋት ውሰጂ ነው ያለኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እረሳዋለሁ። ለእሱ እንዳትነግሪው፤ ይቆጣኛል።»

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሕክምናው ውስጥ ላልገባ ፈርሜያለሁ። እሳቸውም አምነው የነገሩኝን ምስጢር ማውጣት አልፈልግም። ዝም ካልኩ ግን እኚህ እናት ሳይውጡት የቀሩት መድኃኒት እጥፍ ይታዘዝላቸዋል፤ ፋሲካ አልፎ ሁሉንም መውሰድ ሲጀምሩ ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ።

«እማማ» አልኳቸው፤ «እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ምስጢርዎን አላወጣም። ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። አይቆጡም። ካላወቁ ነው የሚሳሳቱት። የሚነግሩኝ ነገር አላቸው ልበልልዎት?»

ትንሽ ዝም አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ሲመለሱ ያችኑ ብቻ ተናገርኩ። አስተርጓሚው እንደገና ተጠራ። ሐኪሙ ሰምተው አልተቆጡም፤ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትበዪው?» ብለው ጠየቁ። መጠኑን እንዳለ ተዉት፤ ክኒኑ ከእራት ጋር እንዲሆን አደረጉ፤ በሁለት ሳምንት እንዲመለሱም ቀጠሩ። እማማም ሲወጡ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አሉ፤ ለሐኪሙ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

እዚያ ድረስ የሄድኩት ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ሰዓት ፍለጋ ነበር። የምጠይቀው ሐኪሙን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፈቃጁ ግን ታማሚው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣችው ሂፓ የሚባል የምስጢር ሕግ አለ፤ ሁላችንም እንፈርምበታለን። እኔ ግን ትርጉሙን የተማርኩት ኮሪደር ላይ ከቆምኩባት ሃያ ደቂቃና ከእማማ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኀፍረቴ ልምጣ። ሐኪም ከሆንኩ በኋላ አንድ ወጣት ያቺን የመሰለች አጭር ደብዳቤ ጻፈልኝ። ወድጃት «ነገ እመልሳለሁ» አልኩ። ነገ ሌላ ነገር መጣ። ሁለት ወር አለፈ። ስመልስለት «ዶክተር፣ አመሰግናለሁ፤ የዘንድሮው ማመልከቻ ስላለፈኝ ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጬዋለሁ» አለኝ። ማመልከቻው በዓመት አንዴ ነው። አንድም የቅሬታ ቃል አልጻፈም፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ዝም አይነቅዝም እንላለን፤ የተማሪ ጊዜ ግን ይነቅዛል። «አልችልም» ማለት እንኳ መልስ ነው፤ ሌላ በር እንዲያንኳኳ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ። ተማሪዎች ሆይ፣ ትንሽና ግልጽ ነገር ጠይቁ፤ ከተፈቀደላችሁም በሩ ላይ ቆማችሁ የታካሚውን ቃል ጠብቁ። ሐኪሞች ሆይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሱ፤ እምቢም ቢሆን። መምህራኖቼ ሆይ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችንም ዲግሪ ይዘው ወደ ሕክምና የሚገቡ አሉ። ከመግባታቸው በፊት አንድ ጠዋት የሕሙማን ክፍል ቢያዩ፣ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም የሚል እንኳ በጊዜ ያውቀዋል። የጥያቄ ደብዳቤ መጻፍንም አስተምሩልን፤ እኔ ሳልማረው ነው ከዚህ የወጣሁት።

መውጫው በር ላይ አንድ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ለተማሪ አንድ ጠዋት የሚሰጥ ሐኪም ስሙን፣ ቀኑንና ስልኩን ይጻፍበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው።