የታይም ኮድ መቆራረጥና የቪዲዮ ቴፖች ወደ ዲጂታል አገላበጥ



የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተከማቸው የምስል ታሪካችን በተቋማት መደርደሪያ ላይ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ሠርግ፣ መውሊድ፣ ጥምቀትና የእድር ስብሰባ የተቀረጸባቸው ቴፖች በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ለጥናት የሚውሉት ግን እያንዳንዱ ትዕይንት አድራሻ ሲኖረው ነው። በሚኒ ዲቪ ቴፕ ላይ ይህ አድራሻ ታይም ኮድ ይባላል፤ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድና ፍሬም ይቆጥራል። በአገራችን በሚሠራበት የፓል ሥርዓት አንዱ ሴኮንድ 25 ፍሬም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከቀረጻው ዕለት ነው። ካሜራማኑ በሙሽራይቱ ቤት ጥቂት ይቀርጻል፤ ቤተሰቡ «እስቲ አሳየን» ሲለው ቴፑን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ያሳያል። እንደገና ሲቀርጽ ካቆመበት ጥቂት አልፎ ከጀመረ በመካከል ባዶ ክፍል ይፈጠራል፤ ካሜራውም የሚቀጥልበትን ቁጥር ስለማያገኝ እንደ አዲስ ከ00:00:00:00 ይነሣል። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደገመ በአንድ የ60 ደቂቃ ቴፕ ላይ አምስተኛው ደቂቃ ሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል።

ሶፍትዌሩ በታይም ኮድ እየተመራ ሲገለብጥ ያልፈለግነውን አምስተኛ ደቂቃ ሊያመጣልን ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። ማጫወቻው ከመነሻው ነጥብ ጥቂት ሴኮንዶች ወደ ኋላ ተመልሶ ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ በዚያ ቦታ ያልተቋረጠ ቁጥር ካላገኘ ግን ከመቋረጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሴኮንዶች ሳይገለበጡ ይቀራሉ። ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት የምትወጣበት ቅጽበት እዚያው ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማጫወቻውን በእጃችን እናስነሣለን፤ ቁጥር ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ እንዲቆም የሚያዘውን ምርጫ እናጠፋለን፤ ቴፑንም ከዳር እስከ ዳር ያለማቋረጥ እንገለብጣለን። ባዶው ክፍል አብሮ ይገልበጥ። ከእያንዳንዱ መቆራረጥ በኋላ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ይመሳከር፤ 10 ፍሬም ከምስሉ ቢጠፋ ልዩነቱ 0.4 ሴኮንድ ነውና ማንም ተመልካች ያስተውለዋል።

በቅድሚያ ወደ ሌላ ቴፕ ገልብጦ ቁጥሩን ማስተካከል ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህ አይዋጥልኝም። መቆራረጡ ራሱ መረጃ ነው፤ ካሜራማኑ የት እንዳቆመና የት እንደቀጠለ ይነግረናል። አዲሱ ፋይል የራሱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የቴፑ ቁጥር ደግሞ እንደነበረ ከጎኑ በመዝገብ ይስፈር። በጥናቱ ትዕይንት የሚጠቅስ ተማሪም ከሁለቱ የትኛውን ቁጥር እንደተጠቀመ ይግለጽ።

በቪ ኤች ኤስ ቴፖች ላይ በአብዛኛው ታይም ኮድ የለም። የማጫወቻው ቆጣሪ ቴፑ ከገባበት ቦታ ስለሚነሣ አድራሻ ሊሆን አይችልም፤ የምንጠቅሰው የፋይሉን ቁጥር ብቻ ነው።

የዲቪ ካሜራ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓትም ይመዘግባል። እርሱ 15:00 ሲል እኛ ዘጠኝ ሰዓት እንላለን፤ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከነጭራሹ ያልተስተካከለ የካሜራ ሰዓትም ያጋጥማል። በመዝገቡ ላይ ካሜራው ያለውን እንዳለ እንጽፋለን፤ ቤተሰቡ የነገረንን ደግሞ በሌላ ዓምድ።