የጋቢው ጢስና የሕፃኑ ሳምባ



ከመርካቶ ሸማ ተራ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ከገጠር የመጣች እናት ጋቢዋን ስትዘረጋ፣ ነጋዴው ጥለቱን ከማየቱ በፊት ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። ጢስ ጢስ ካለው ዋጋውን ይቀንሳል። እርሷም፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ቤቴ አንድ ክፍል ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ያው ጢስ በዚያው ክፍል የተኛውን ሕፃን ሳምባም አልማረም። ጋቢው ይታጠባል፤ ሳምባውን በምን እናጥበዋለን?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ጢሱ በሕፃናት ላይ በተለይ የሳምባ ምችን ያመጣል።

ዛሬ በየአገሩ ስለ «አረንጓዴ ቤት» ብዙ ይነገራል፤ ነገሩ የቀለም አይደለም። የዓለም ባንክ ወገን የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለታዳጊ አገሮች ያወጣው ኤጅ የሚባል መለኪያ አለ፤ ቤቱ በኃይል፣ በውኃና በመሥሪያ ዕቃው በእያንዳንዱ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። ምስክር ወረቀቱ ግን ገንዘብ ያስከፍላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም በዋነኛነት ያሰበው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነበር። ስለዚህ የቤታችሁ ተቆጣጣሪ እናንተው ናችሁ።

ጭቃውና ጭዱ ከደጃችሁ ይገኛል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያዘገያል። ቆርቆሮ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ከሥሩ ኮርኒስ ይፈልጋል። ሰው ቆርቆሮን ለክብሩም ይወደዋል፤ አልነቅፍም፣ ዝናብ አያስገባም።

የሚጎድለን የጢሱ መውጫ ነው። ማድ ቤቱን ከመኝታው ለዩት። ይህ ካልተቻለ ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ክፈቱ፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳም ዝቅ ያለ መስኮት ይኑር። ንጹሑ አየር በታች ሲገባ የሞቀው ጢስ በላይ ይወጣል። ሦስቱን ጉልቻ ትታ በምርጥ ምጣድ የምትጋግር እናት እንጨቷ እስከ ግማሽ ይቀንስላታል፤ ጢሱም ያንሳል።

«ብርድ ይገባል» የምትል አያት በየቤቱ አለች። «እማማ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንዘጋዋለን» በሏት። የከሰል ፍም ግን በር ዘግታችሁ በምትተኙበት ክፍል አታሳድሩ፤ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። እንጀራም ስትጋግሩ ሕፃኑን አዝላችሁ ከምድጃው አትቁሙ፤ ታላቅ እኅቱ ከደጅ ትያዘው።