ስለ ወፍ በሽታ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጉበት ሲታመም ዓይን ቢጫ ይሆናል። እኛ «የወፍ በሽታ» እንለዋለን፤ የሌሊት ወፍ ናት የምታመጣው የሚሉም አሉ። ወፏ ግን የለችበትም።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ዶክተር ሮበርት ፐርሴል የሚባሉ ተመራማሪ ነበሩ። መጀመሪያ የመተንፈሻ አካላትን ሕመም ያጠኑ ነበር፤ ኋላ ወደ ጉበት ዞሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ፋይንስቶንና ከዶክተር ካፒኪያን ጋር ሆነው የ«ኤ»ን ቫይረስ ከበሽተኛ ዓይነ ምድር ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። በ1975 ደግሞ ደም ተሰጥቷቸው ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ሕመም «ኤ»ም «ቢ»ም ያልሆነ እንዳለበት አሳወቁ። ያ ስውር ቫይረስ በ1989 ተገኘና «ሲ» ተባለ።

ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? «ኤ» በተበከለ ውሃና ባልታጠበ እጅ ይገባል፤ በለቅሶ ቤት ምግብ የምታቀርቡ ሁሉ ከሳሙና አትለዩ። «ቢ»ና «ሲ» በደም ይተላለፋሉ፤ ምላጭ አትዋዋሱ። «ቢ» የያዘውን ሰው ግን ከማዕድ አታርቁት፤ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ለሕፃናት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጥ ክትባት አለ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አስከትቡ። ያው መርፌ «ቢ»ንም፣ አንዱን ዓይነት የሳንባ ምችም ይከላከላል።

ወገኖቼ፣ እድራችን መቅበር ያውቅበታል። ድንኳኑ ሳይተከል ቢከርም አይከፋንም።