ለአሮጌው ፒክአፕ የትኛው ሞተር? (ለሰበካ ጉባኤያት የተደረገ ንግግር)



የቆየውን የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተር በዲ ፎር ዲ ለመለወጥ የሚያስቡ አጥቢያዎች አሉ። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ ጉልበቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ሞተር ናፍጣ የሚረጨው በኮምፒዩተር እየታዘዘ ነውና ብቻውን ቢገዛ አይነሣም፤ ኮምፒዩተሩ፣ የሽቦ መስመሩና የነዳጅ ፔዳሉ አብረውት መምጣት አለባቸው። በበርሜል ተቀምጦ ውኃና አቧራ የገባበት ናፍጣም ኖዝሎቹን ያበላሻል፤ የእነርሱ ዋጋ ደግሞ የአጥቢያን ካዝና ያናጋል። ከከተማ በራቀ ደብር ኮምፒዩተሩን የሚመረምር ባለሙያ ከየት ይመጣል? ሲሚንቶ የሚያመላልሰው፣ ሕሙማንን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ይኸው አንድ መኪና ነው።

ስለዚህ ቱ ኤል ወይም ስሪ ኤል ላለው መኪና ፋይቭ ኤልን እንመርጣለን። ከእነርሱ በኋላ የወጣ የዚያው ቤተሰብ ሞተር ሲሆን መጠኑ 2986 ሲሲ ነው፤ በሜካኒካል ፓምፕ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም ነባሩን ካምቢዮ አያስለውጥም። ቱርቦ ስለሌለው ወጣት ሾፌሮች አይወዱትም፤ የአገር ቤት መካኒክ ግን ያውቀዋል። ፋይቭ ኤል ኢ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ አይምታታ።

የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚመዘገብ ነው። ስለሆነም ከመግጠም በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ፣ የግዢና የጉምሩክ ሰነዱንም መያዝ ይገባል። ሻጩ ሰነድ ከሌለው፣ ዋጋው ቢረክስም ክፍያ አይፈቀድ።