ከፋዩ ሌላ፣ ወሳኙ ሌላ
(ስለ ጡረታ አበል በወረታ ለሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ጡረታ ምጽዋት አይደለም። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱም 11 ከመቶ ይጨምርበታል።

አበሉን የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ክፍያው ግን በውል ለሌላ ይሰጣል። በክልላችን አብቁተ ለብዙ ጡረተኞች ሲከፍል ቆይቷል፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. የባንክ ፈቃድ አግኝቶ ፀደይ ባንክ ሆኗል። አከፋፈሉ ለጡረተኛው መቅረቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ! መስኮት ላይ ያለው ልጅ የታዘዘለትን ብር ቆጥሮ ይሰጣል እንጂ ስም አያርምም፣ አበል አይጨምርም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣ አንዲት ባልቴት ጭቃውን አቋርጣ መጥታ «እኛ ከፋይ ነን» ተብላ ብትመለስ ምን ይባላል? ከፋይና ወሳኝ ሲለያዩ መሀል ላይ የሚቀረው ማስረጃ የሌለው ሰው ነው።

ስለዚህ በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ስማችሁና መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት የልደት ዘመን በማኅደራችሁ በትክክል መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ባል ሲሞት ሚስት የአበሉን ግማሽ የማግኘት መብት አላት፤ የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ በቤት ይቀመጥ። ፊደል የቆጠራችሁ ወጣቶችም ለጎረቤታችሁ ማመልከቻ ጻፉላቸው።