ከቀረጥ ነጻ፦ ከሶላር ፓምፑ ጋር ምን ይገባል?

  ዛሬ «ከቀረጥ ነጻ» ስለሚባለው መብት እንነጋገራለን።

የገንዘብ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር። እንግዲህ ለቡሬ በርበሬ ውሃ የሚስብ የሶላር ፓምፕ መጣ እንበል። ፓምፑስ ለመስኖ ነው። አብሮት የመጣው ባትሪስ? ማታ ቤት ያበራል፤ ቴሌቪዥንም ያሠራል። ታዲያ እሱም ከቀረጥ ነጻ ነው?

ነገሩን በሠርግ ጥሪ እንየው። ወረቀቱ «ከነባለቤትዎ» ካለ ባለቤት ትገባለች። ጎረቤት ግን አልተጠራም። ከቀረጥ ነጻ መብትም እንዲሁ ነው። ተጠርቻለሁ የሚል ጥሪውን ያሳያል።

ክርክር ከተነሳ አስመጪው በቅድሚያ ለጉምሩክ፣ ቀጥሎ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት ይላል። የሕግ ጥያቄ ካለ ደግሞ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል ከተባለ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያየዋል። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ በአንድ ባትሪ ላይ የተሰጠ ትርጉም ነገ ለሚመጣውም ይሠራል።

በእኔ እምነት ግን ገበሬው ዳኛ እስኪፈርድ መጠበቅ የለበትም። መብቱን የሚሰጠው መመሪያ ባትሪውንም ገመዱንም በስም ይጥራ። ቀረጡ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ገበሬው በሚከፍለው ዋጋ ላይ ነውና።